ስንዝር፣ አራት ጣት፣ ጥፍር

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከማለዳ ጀምሮ ግቢያችን በጭስ ታፍኗል፤ የብሎኩ ልጆች የሰበሰቡትን ደረቅ ቅጠልና ቆሻሻ ከአጥሩ ሥር እያቃጠሉ ነው። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ካለፈ መቶ ዓመት ዘልሏል፤ ጽዳቱና ጭሱ ግን ከድሮው ሰፈር ወደ ኮንዶሚኒየም አብሮን መጥቷል። እኔም የቀኑን ወግ ምክንያት አድርጌ ሳሎኑን ባዶ አስቀረሁት። መጋረጃውን አወረድኩ፣ ምንጣፉን ጠቀለልኩ፣ ሶፋውን ከግድግዳው አራቅኩት።

እዚህ ቤት ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሶፋው፣ ትራሶቹ፣ መጋረጃውና ምንጣፉ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ በአንድ ደረሰኝ የተገዙ ናቸው፤ ሁሉም አመድማ። ሻጩ "አንዱ ከአንዱ ጋር ይሄዳል፣ ምንም ማሰብ አይጠበቅብሽም" ብሎኝ ነበር። ቤት መረከቡ ራሱ አድክሞኝ ስለነበር አለማሰቡን እንደ ዕረፍት ቆጠርኩት። ዛሬ ባዶውን ግድግዳ ሳየው ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ የመረጥኩት አንድም ነገር በሌለበት ክፍል እንግዳ ስቀበል እንደኖርኩ ገባኝ።

እማዬ ለገና ከመንዝ መጥታ ከእኔ ጋር ልትኖር ነው። ሰፍታ የሰጠችኝ መሶብ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ከሐረር የገዛሁት ሰፌድ አልጋ ሥር ነው። ሁለቱንም የደበቅኳቸው "ከሶፋው ጋር አይሄዱም" ብዬ ነው። እናቴ ይህን እንድታይ አልፈልግም። ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቤት ውስጥ ያለውን ባለ ጥለት ነገር በሙሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ጥለት የምለው የነጠላውን ብቻ አይደለም፤ አበባውንም፣ መስመሩንም፣ ዳማውንም ነው። የእማዬ መሶብ፣ የሐረሩ ሰፌድ፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ አሮጌ ነጠላ፣ ሰማያዊ ዳማ የአልጋ ልብስ፣ ከአክስቴ የወረስኩት ባለ አበባ ቀይ ምንጣፍ። ትናንት ደግሞ መርካቶ ወርጄ ልቤ የወደደውን የመጋረጃ ጨርቅ ገዛሁ፤ 11 ሜትር። መደቡ የወተት ቀለም ነው፤ በላዩ ላይ ትልልቅ የሸክላ ቀለም አበባና ቅጠልያ ሐረግ ይዞርበታል።

ጎረቤቴ ለቡና መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ውይ! ገበያ አስመሰልሽው እኮ። ዥንጉርጉር ቤት ራስ ያዞራል።"

አልተከራከርኳትም፤ እንደተዘረጋው ከሆነ እውነቷን ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሁሉንም አነሳሁና ሁለት ሁለቱን ብቻ እያቀራረብኩ አየኋቸው። መጋረጃውና የአክስቴ ምንጣፍ ገና ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተጣሉ። ሁለቱም አበባ ናቸው፣ ሁለቱም ቀይ አለባቸው፤ ታዲያ ምን አጣላቸው? እጄን ዘርግቼ ስለካቸው የመጋረጃው አበባ አንድ ስንዝር ነው፤ የምንጣፉም አንድ ስንዝር ነው። ሁለት ሰው በእኩል ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲናገር የትኛውን እንደምንሰማ ግራ ይገባን የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዋልላል እንጂ አይቀመጥም።

ምንጣፉን አንስቼ በቦታው ነጠላውን አደረግሁ። ጥለቱ አራት ጣት ይሰፋል። ፀጥ አሉ። ከዚያ የሐረሩን ሰፌድ ጨመርኩ፤ በሰፌዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቅርጽ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ዓይኔ መጀመሪያ አበባው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ወደ ጥለቱ ወረደ፣ በመጨረሻ ሰፌዱን ለማየት ቀረብ አልኩ። ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ ስንዝር፣ አራት ጣት፣ ጥፍር።

የአልጋ ልብሱ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ዳማው አራት ጣት ነው፤ ደግሞ መስመርና ዳማ ቀጥ ያለ ጠባይ ስላላቸው ከአበባ ጋር አይፎካከሩም፤ በመጠን ረገድ ምንም ጥፋት የለበትም። ሆኖም መሃላቸው ሲቀመጥ ባይተዋር ይሆናል። ብዙ ካየሁት በኋላ ገባኝ፤ ሰማያዊው ከማንም ጋር ዝምድና የለውም። የሸክላው ቀይ መጋረጃው ላይ አለ፣ ነጠላው ጥለት ውስጥ አለ፣ ሰፌዱ ላይ አለ፣ መሶቡም ላይ በቀጭን ቀለበት ይዞራል። ሰማያዊ ግን የትም የለም። የአልጋ ልብሱን አጥፌ ወደ መኝታ ቤት መለስኩት፤ የአክስቴ ምንጣፍም ለእማዬ ክፍል ይሆናል።

በረካው ላይ ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችና "አሁን ገና ቤት መሰለ" አለች።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሰፌዱን ልሰቅል ምስማር ስፈልግ ሐረር ትዝ አለችኝ። ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ ሄጄ ጁገል ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ገብቼ ነበር። ስለ ጥለት ሳስብ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ስለዚህ ያየሁትን ሳልረሳው ልጻፈው።

ጫማ ይወለቃል። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። ወንበር የለም፤ ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ የቤቱ አባወራ ቦታ አለው፣ እንግዳም ቦታ አለው። መደቦቹ በቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ በላያቸው ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ትራስ፣ ሁሉም ባለ ጥለት፣ አንዱም ከሌላው የማይመሳሰል። ቀና ሲባል ደግሞ ግድግዳው በሰፌድ፣ በክዳንና በሳህን ተሞልቷል። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ እነሱም ላይ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። ጥለቶቹን መቁጠር ጀምሬ ሃያ ላይ ስደርስ ተውኩት።

ያን ሁሉ እያየሁ ግን ራሴን አላዞረኝም። እንዲያውም ለረጅም ሰዓት መቀመጥ አማረኝ። ያኔ ምክንያቱን አልጠየቅኩም፤ አሁን ይታየኛል። አንደኛ፣ ከታች ያለው ቀይ ሁሉንም ይዟል፤ ከምንጣፉም ከሰፌዱም ውስጥ ያው ቀይ ብቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ሰፌዶቹ በነጭ ተከበው ስለተሰቀሉ እያንዳንዱ የራሱ አየር አለው። ሦስተኛ፣ ሰፌዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የተሰቀሉት፤ በግራ ያለችው ትንሽ ሰፌድ በቀኝ እኩያ አላት።

ስለ ቀዩ ቀለም የቤቱን ባለቤት ጠይቄያቸው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው አሉኝ፤ ሐረር ውስጥ ብዙ ሰው ይህንኑ ይናገራል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ደግሞ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እዚያ ቤት አለች ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ለሦስት ዓመት "ይሄዳል፣ አይሄድም" ስል የነበረው ስለ ሶፋ ቀለም ነው። እዚያ ቤት ግን ቀለሙም ምንጣፉም የሚናገረው ነገር አለው፤ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ያነበዋል።

ሰፌዱን ሰቀልኩት። ብቻውን ትልቁ ነጭ ግድግዳ ላይ ጠፍቷል። ጥንድ ያስፈልገዋል።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሽሮ ሜዳ ዋልኩ። ለሶፋው ሦስት የትራስ ልብስ ላሠራ ነው የሄድኩት፤ አራት ማዕዘን፣ ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር። ከመንገዱ ዳር ያሉትን ሱቆች አልፌ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ አንዷ ነጋዴ ሸማኔው ጋ ራሷ ወሰደችኝ። አባቱ ከጨንቻ እንደመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ እንጦጦ ግርጌ እንደተወለደ ነገረኝ። ሙያውን ከአባቱ ነው የተማረው።

"ሙሉውን ጥበብ አድርግልኝ" አልኩት።

"እህቴ፣ ይቅርብሽ" አለኝ፤ እጁን ከሥራው ሳያነሳ። "ጥበብ ነጭ ካላገኘ አይታይም።"

ከጎኑ ያለቀ ቀሚስ ነበር፤ ዘርግቶ አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ ጥበቡ ከታች ጠርዙ ላይ፣ ደረቱ ላይና እጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ። እኔ ይህን ቀሚስ ከልጅነቴ ጀምሬ ለብሼዋለሁ፤ ነጩን ግን አይቼው አላውቅም። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ነጭ ነው። ያ ሁሉ ነጭ ባይኖር ጥበቡ እንደዚያ አይበራም ነበር። ስለዚህ ትራሱ ላይ መሃሉን አራት ጣት የሚያህል ጥበብ እንዲያልፍበትና የቀረው ነጭ እንዲሆን ተስማማን።

ከመጋረጃው ጨርቅ የቆረጥኳትን ብጣሽ ይዤ ነበር። ተቀብሎኝ ተነሳና ክሮቹን ይዞ ወደ ፀሐይ ወጣ። "ጥላ ውስጥ ክር አይመረጥም" አለኝ። ከቀዮቹ መሃል አምስት ስድስቱን አስጠግቶ አየና አንዱን ለየ፤ ከቅጠልያውም አንዱን። ከዚያ ሳልጠይቀው ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ጨመረ። መጋረጃው ላይ ቢጫ የለም አልኩት።

"ለዚህ ነው የጨመርኩት። አንድ እንግዳ ቀለም ይግባበት፤ ያለዚያ ሁሉም ይደበዝዝብሻል። ቀጭን አደርገዋለሁ።"

የመጀመሪያውን ትራስ ሲጀምር ቁጭ ብዬ አየሁት። እሱ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው መርገጫውን ይለዋውጣሉ። ድሩ ነጭ ነው። ማጉን ነጭ አድርጎ መወርወሪያውን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካመላለሰ በኋላ ይቆማል፤ ከዚያ ባለ ቀለሙን ክር ይዞ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል። ሦስት ያነሳል፣ ይዘላል፤ ሦስት ያነሳል፣ ይዘላል። በሚቀጥለው መስመር አንድ ክር ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ይጀምራል። እንደዚያ እያለ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የአንድ አልማዝ ቅርጽ ግማሽ ብቅ አለ፤ የጥፍሬን ግማሽ ታህላለች። ከፊቱ ወረቀት የለም፣ ንድፍ የለም። ስንት ክር እንደሆነ ስጠይቀው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቆየና "ስታናግሪኝ ይጠፋኛል" አለኝ። ዝም አልኩ።

ሱቅ ገብተን "ይህችን ትራስ በዚህ ዋጋ?" ስንል እያንዳንዷ ክር በጣት እንደተነሳች ማወቅ አለብን። እኔ ዛሬ አልተከራከርኩም፤ የጠየቀኝን ከፈልኩ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

መጋረጃው ተሰፍቶ መጣ። ሰቅዬው ራቅ ብዬ ሳየው ሆዴ ባባ። አራቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ሲሆኑ አበባው አንድ መስመር ላይ መዋል ነበረበት። አልዋለም። ከግራ ወደ ቀኝ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። የጨርቁ ጥለት በየ64 ሳንቲ ሜትሩ ይደገማል። ለአንድ ቁራጭ እጥፋቱን ጨምሮ 2 ሜትር ከ50 ያስፈልገኛል። አራት ድግግሞሽ ደግሞ 2 ሜትር ከ56 ነው። ስለዚህ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ 6 ሳንቲ ሜትር መጣል ነበረበት። አልተጣለም፤ ተከታትሎ ተቆረጠ። ሁለተኛው ቁራጭ ላይ አበባው 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ፣ ሦስተኛው ላይ 12፣ አራተኛው ላይ 18፤ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በሦስት ቦታ 6 ሳንቲ ሜትር ቢጣል ኖሮ፣ በአጠቃላይ 18 ሳንቲ ሜትር፣ መጋረጃው የተሟላ ይሆን ነበር። አንድ ሙሉ ሜትር ትርፍ ደግሞ ታጥፎ ተመልሶልኛል!

ሰፊው ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው። "ጨርቅሽን ላተርፍልሽ ብዬ ነው እኮ" አለኝ፤ አመንኩት፤ ትርፉን መልሶልኛልና። ግን ሙያ ነው፤ የሰው ጨርቅ ተቆርጦ አይቀጠልም፤ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ጥለቱን ማየት ነበረበት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጮች ዘርግቼ አበባውን ከአበባው ጋር አገጣጥሜ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። "ሁለተኛ አይደገምም" አለኝ።

መፍትሔው ከአሮጌው መጋረጃ መጣ። በአራቱ ቁራጮች መገናኛ ላይ አንድ መዳፍ የሚሰፋ ሜዳ አመድማ ጨርቅ ገብቶ እንዲሰፋ አደረግን። አሁን አበባው ከአበባው ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም፤ መሃል ገላጋይ ገብቷል፤ ዓይንም መውረዱን አይከታተልም። አመድማው ደግሞ ከሶፋው ጋር አዛመደው። የተጠየፍኩት መጋረጃ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ይህን ማስታወሻ የምታነቡ፣ ባለ ትልቅ ጥለት ጨርቅ ስትገዙ ገና ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከአንዱ አበባ እስከ መንትያው ለኩ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሰፊው ስጡት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ እስከ አንድ ድግግሞሽ የሚደርስ ትርፍ ያዙ። ሜዳ ጨርቅ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

መጋረጃ መጋረጃ ስል ሰንብቼ ዛሬ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቆየ የሥዕል መጽሐፍ አሳየችኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ የተሸመነ የሐር መጋረጃ ፎቶ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅደሱን ለመጋረድ የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በሰፋፊው ቦታ ላይ የሰዎች ምስል ተሸምኗል፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ መስቀሎችና ማዕዘን ያላቸው ደቃቅ ጥለቶች አሉ። ትልቅና ትንሽ፣ ሰውና ማዕዘን፣ ያለ ጠብ በአንድ ጨርቅ ላይ።

እንዲህ ካሉት መጋረጃዎች ዛሬ አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። የለንደኑ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘመቻ ጋር የወጣ ነው። አገሬ ውስጥ ቆሜ ልነካው ቀርቶ ልቀርበው አለመቻሌ አንጀቴን በላው።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ትራሶቹ ደረሱ። ቀን በመስኮቱ ብርሃን ሳያቸው ልክ ሸማኔው እንዳለው ሆኑ፤ ቢጫዋ ክር ቀዩን አነቃችው። ማታ ግን ሁሉም ፈዘዙ። አምፖሉ ነው። ሰማያዊ ሰማያዊ የሚል ነጭ አምፖል ነበር ያለኝ፤ ሸክላውን ቡናማ፣ የወተቱን መደብ ደግሞ የሕመምተኛ ፊት አስመሰለው። ወርጄ ከሱቅ ቢጫ ብርሃን የሚሰጠውን ገዝቼ ቀየርኩ። ቀለሙ ተመለሰ። ለጨርቅ ያወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በአንድ አምፖል ሊበላሽብኝ ነበር።

ለሐረሩ ሰፌድ ጥንድ አገኘሁለት፤ ከዚያችው ሽሮ ሜዳ፣ በመጠን እኩያው የሆነ የስንደዶ ሰፌድ። ቅርጹ ሌላ ነው፣ ቀዩ ግን ያው ነው።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

እማዬ መጣች። ከመሐል ሜዳ የተነሳው አውቶቡስ ሲያስጠብቀኝ ውሎ ከሰዓት ደረሰ። በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በጀርባዋ ደግሞ የታሰረ ባና። "ብርድ ልብስ እዚህም አለ እኮ" ስላት "የመንዝ በግ እዚህ አለ?" አለችኝ።

ሳሎኑ መሃል ቆማ ብዙ ሰዓት ዝም ብላ አየች። ልቤ ይመታ ነበር። ከዚያ ወደ ሶፋው ሄዳ በእጇ ዳሰሰችውና "ይቺስ ብርድ ብርድ ትላለች" ብላ ባናውን ፈታ አለበሰችው። ባናው ጥቁርና ዳለቻ መስመር አለው፤ ያልተነከረ፣ የበጉ የራሱ ቀለም ነው። እኔ ስድስት ሳምንት የለካሁት ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። አልተበላሸም። መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከአበባው ጋር አይሻማም፤ ዳለቻው ደግሞ ከአመድማው አንድ ወንዝ የጠጣ ይመስላል። ነጮቹ ትራሶች በላዩ ላይ ሲቀመጡ አበሩ። እናቴ አራት ጣት፣ ስንዝር አላለችም። ዳስሳ ነው የወሰነችው።

መሶቡን ጥግ ላይ በቦታው አስቀምጬው ነበር፤ ከፌስታሉ አውጥቼ፣ አቧራውን በለሰለሰ ጨርቅ ጠርጌ። ወደሱ ሄደች፤ ሁለት እጇን አሳርፋ ቀስ ብላ አዞረችው። የምትፈልገውን ታውቃለች። እኔ ወደ ግድግዳ ያዞርኩትን ጎን ወደ ሰው አመጣችው።

እዚያ ጎን ላይ አንዱ ቀይ ቀለበት ዙሩን ሳይጨርስ ይቆማል፤ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ሐምራዊ ሆኖ ይዘልቃል። እኔ ስህተት መስሎኝ ነበር የደበቅኩት።

"እዚህ ጋ ቀዩ አለቀብኝ" አለች፤ በጣቷ መገናኛውን እየነካች። "አባትሽ የታመመበት ዓመት ነው። ለቀለም ብዬ ገበያ አልወጣሁም። ሐምራዊ ተርፎኝ ስለነበር በሱ ጨረስኩት።"

አባቴ ከዚያ ሕመም አልተነሳም። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። መሶቡን ያን ጊዜ ስትሰፋው እንደነበር አላውቅም ነበር። ቀረብ ብዬ አየሁት፦ ቀዩና ሐምራዊው የተገናኙበት ቦታ ላይ ስፌቱ ከሌላው ይበልጥ ጠበቅ ያለ ነው፤ ወስፌው ደጋግሞ የገባበት ይመስላል። ከቀለበቱ በላይና በታች የሁለት ጣት ያህል ያልተነከረ የስንደዶ መደብ አለ፤ ያ መደብ መሃል ገብቶ ስለያዛቸው ቀለሙ መቀየሩ አይን አይወጋም። የሸማኔው ነጭ፣ የመጋረጃዬ አመድማ፣ የእማዬ ያልተነከረ ስንደዶ፣ ሁሉም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

"ወደ ግድግዳ አታዙሪው" አለችኝ። "ወደ ሰው ይሁን።"

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ቄጠማ ጎዘጎዝን፤ የወለሉ ጥለት ዛሬ ሣር ነው። ዳቦው መሶቡ ላይ ተቆረሰ። ጎረቤቴ ከነልጆቿ መጣች፤ ትንሹ ልጅ ባናው ላይ ተጋድሞ መስመሩን መንገድ አድርጎ መኪናውን ሲነዳበት ዋለ። እሷ መጋረጃውን ዳሰሰችና "ይህን አመድማ ማን አስገባልሽ? አሳመረው" አለች። የ6 ሳንቲ ሜትሩን ታሪክ ነገርኳት። ከገና በኋላ የእሷን ሳሎን አብረን ልናይ ተቀጣጥረናል።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

የእማዬ ክፍል ላይ የአክስቴ ባለ አበባ ምንጣፍ ተነጥፏል። የአልጋ ልብስ ስትፈልግ ያን ሰማያዊ ዳማ አገኘችው። "ይሄ ከምንጣፉ ጋር ዝምድና የለውም" አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ከመጋረጃው የተረፈው አንድ ሜትር የት እንዳለ ጠየቀችኝና መቀስ አመጣች። ጨርቁን አራት አራት ጣት እያደረገች ሸነተረችው፤ ትልቁ አበባ ተቆራርጦ የሸክላና የቅጠል ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ከዚያ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣ የዳማውን ጠርዝ በሦስት ጎን ከበበችው፤ በእጇ፣ በመርፌ። ቀዩ ጠርዝ ከምንጣፉ ጋር ተገናኘ።

ሁለት ቀን ፈጀባት። የአልጋ ልብሱ አሁን አልጋዋ ላይ ነው።